ከመስኮቷ ጀርባ ያለው ማነው? ከድሬሰር እስከ ሲስተር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በጎጃም በኩል ከሄዳችሁ በዱርቤቴ አልፋችሁ ይሆናል። ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን ካለፋችሁ በኋላ፣ መራዊ ሳትደርሱ የምታገኟት የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላ መስኮት ነው። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ባሉት የመንግሥት ክሊኒኮችና ጤና ጣቢያዎች ስላለችው፣ ኪኒን ስለሚወጣባት ትንሽ መስኮት።

ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፦ ከዚያች መስኮት ጀርባ የመቆም መብት ያለው ማነው?

‹‹ፋርማሲስቱ ነዋ!›› ትሉኝ ይሆናል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ለኖረ ሰው ልክ ነው። በአገራችን የጤና ታሪክ ውስጥ ግን ለገጠሩ ሕዝብ ኪኒን ቆጥሮ የሰጠው በአብዛኛው ፋርማሲስት አልነበረም። ድሬሰር ነበር፣ ከዚያ ጤና ረዳት፣ ከዚያ ነርስ፣ በመጨረሻም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ሕጉ ስለ አንድ ሰው ይጽፋል፣ መስኮቷ ጋ የሚገኘው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህ ክፍተት ከየት መጣ? እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጆቹን ስጠቀም እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ሦስት ግሶች

በመጀመሪያ ሦስት ቃላትን እንለይ፦ ማዘዝ፣ ማደል፣ መስጠት።

ማዘዝ ማለት በሽተኛውን መርምሮ ‹‹ይህን መድኃኒት፣ በዚህ መጠን፣ ለዚህን ያህል ቀን›› ብሎ መወሰን ነው። ማደል ደግሞ ማዘዣውን አንብቦ፣ መጠኑ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ፣ ቆጥሮ፣ በፖስታው ላይ አወሳሰዱን ጽፎና አስረድቶ ማስረከብ ነው። መስጠት ስል ኪኒኑን ማስዋጥ ወይም መርፌውን መውጋት ማለቴ ነው። በትልቅ ሆስፒታል ሐኪም ያዛል፣ የፋርማሲ ባለሙያ ያድላል፣ ነርስ ትሰጣለች። ይህ የሥራ ክፍፍል ለወግ አይደለም። ሐኪሙ እጁ ስቶ ዜሮ ቢጨምር ፋርማሲስቱ ይይዘዋል። ፋርማሲስቱ ቢሳሳት ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆማ ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት መሆኑን ትጠይቃለች። ሦስት ጥንድ ዓይን አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድ የገጠር ክሊኒክ እንሂድ። ሦስቱም ግሶች የአንድ ሰው ሥራ ናቸው። መርምራ የምታዝዘው እሷ፣ ቆጥራ የምታድለው እሷ፣ የምትወጋውም እሷ። ብትሳሳት የሚይዛት ሌላ ዓይን የለም። ሕግ ያስፈለገው እዚህ ላይ ነበር። ሕጉ ግን በመጀመሪያ የተጻፈው ለትልቁ ከተማ ነው።

ሁሉም በአንድ እጅ በነበረበት ዘመን

ለነገሩ ሦስቱን ግሶች በአንድ ሰው ላይ መደረብ ለእኛ አዲስ አይደለም። የጎጃም መድኃኒት አዋቂ በሽታውን የሚለየውም፣ ሥሩን የሚቆፍረውም፣ ቀምሞ የሚያጠጣውም ራሱ ነበር። ኮሶ ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ በየቤቱ ተወቅጦና ተበጥብጦ ይጠጣል። መጠኑን የሚወስነው ልማድ ነው። ሲበዛ እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል፣ ስንት ሲሆን እንደሚበዛ ግን በትክክል የሚለካ የለም። ቋንቋችንም ቢሆን ‹‹መድኃኒት›› የሚለውን ቃል ለሚያድነውም ለሚገድለውም ይጠቀምበታል፤ ‹‹መድኃኒት አበሉት›› ሲባል ማንም ሰው ዳነ ብሎ አይረዳውም።

አውሮፓ ውስጥ ማዘዝንና ማደልን በሕግ በመለያየት ስሙ የሚነሳው ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1240 ገደማ በግዛቱ በሲሲሊ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ፣ በጥቅምም እንዳይሻረኩ ደነገገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚያዘውም የሚሸጠውም አንድ ሰው ከሆነ ብዙ ማዘዝ ያተርፋል።

ወደ እኛ አገር ዘመናዊው ሕክምና ሲገባ ይህ ክፍፍል አብሮ መጣ፣ ያረፈው ግን አዲስ አበባ ላይ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጡ፤ ቆይቶም የምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ዶክተር ሜራብ የተባለው የጆርጂያ ተወላጅ በከተማዋ ፋርማሲ ከፈተ፤ ስሙንም በአገሩ ጆርጂያ ሰየመው። ጎጃም ግን ያኔ ከፋርማሲ ጋር ገና አልተዋወቀችም።

የ1964ቱ ደንብ እና የሌለው ሰው

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የመድኃኒት ነገር በዝርዝር የተደነገገው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በፋርማሲ ደንብ፣ የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 288 ነው። ይህ ደንብ በአገሪቱ የመድኃኒት ቁጥጥር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ ከንጉሡ ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ኢሕአዴግ ተሻግሮ 35 ዓመት ያህል አገልግሏል።

በዚያ ዘመን የመድኃኒት ችርቻሮው ሦስት ደረጃ ነበረው። ከላይ በፋርማሲስት የሚመራው ፋርማሲ፣ ቀጥሎ የመድኃኒት መደብር፣ ከታች ደግሞ የገጠር መድኃኒት ቤት። የደረጃው ትርጉም ‹‹ባለሙያው ዝቅ ሲል የሚይዘው የመድኃኒት ዓይነትም ይቀንሳል›› የሚል ነው። ብልህ አሠራር ነው፤ ሕጉ ፋርማሲስት በሁሉም ቦታ እንደማይገኝ ማመኑን ያሳያል።

እንዴትስ ይገኛል? የአገሪቱ የፋርማሲ ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ከደንቡ በፊት ገና ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። የወጡት ጥቂት ምሩቃን ደግሞ ሥራ የሚጠብቃቸው አዲስ አበባ እንጂ አቸፈር አልነበረም። በመንግሥት የገጠር ክሊኒክ ውስጥ፣ የሚሸጥ ሳይሆን የሚታደል መድኃኒት በነበረበት ቦታ፣ መስኮቷ ጋ የቆመው ድሬሰሩ ነው።

ድሬሰሩ

ዛሬ ‹‹ድሬሰር›› የሚለው ቃል ለብዙ ወጣት እንግዳ ነው። አያቶቻችንን ብትጠይቁ ግን ፊታቸው ይበራል። ቃሉ ቁስል አጣቢና ጠቅላይ ማለት ነው፤ ሥራው ግን ከስሙ በጣም የሰፋ ነበር። ያክማል፣ ኪኒን ይሰጣል፣ መርፌ ይወጋል። ሕዝቡም ‹‹ሐኪሙ›› ይለዋል፤ ሌላ ሐኪም አላየማ!

የድሬሰሩን ዓለም የቀረጸው ወባ ነው ብንል አልተጋነነም። እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ዳር፣ በደምቢያ፣ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ይህ አደጋ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ጀመር። አራት ዓመት ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ሌላ ወረርሽኝ መጣ። በጊዜው በተደረገ ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150 ሺህ ያህል ሰው ሞተ።

እስቲ አስቡት። መንደሩ ሁሉ በተኛበት ወቅት ‹‹ክሎሮኪን ማደል የሚችለው ፋርማሲስት ብቻ ነው›› ብሎ የሚከራከር ማን አለ? እጁ የደረሰ ሰጠ።

ግን ዋጋ ነበረው። በገጠር መርፌ ከኪኒን በላይ ተከበረ፤ ‹‹ሳይወጋኝ እንዴት እድናለሁ?›› የሚለው እምነት ሥር ሰደደ። ሥራ የለቀቀ ድሬሰር፣ ከሠራዊት የተመለሰ ቁስል ጠቅላይ፣ እነሱን አይቶ የተማረ መርፌ ወጊ በየመንደሩ ሲሪንጅ ይዞ ዞረ። መስኮቷ ጋ ለሚቆመው ሰው ግልጽ ደንብ ካልተበጀለት፣ መስኮቷ ራሷ ከክሊኒኩ ወጥታ ገበያ ትሄዳለች ማለት ነው።

ዝርዝሩ መጣ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አወጣ። በዓመቱ የአልማ አታ ጉባኤ ‹‹ጤና ለሁሉም›› አለ። ደርግም ሐሳቡን ተቀብሎ ክሊኒኮችን በየገጠሩ አስፋፋ፣ ጤና ረዳቶችን በብዛት አሠለጠነ፣ ከገበሬ ማኅበራት የጤና ወኪሎችን መለመለ።

‹‹ዝርዝር›› የሚባለው ነገር የቢሮ ወረቀት ይመስላል፣ ግን በጸጥታ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ከዚያ በፊት ጥያቄው ‹‹ይህ ሰው መድኃኒት መስጠት ይችላል ወይስ አይችልም?›› ነበር። ዝርዝሩ ጥያቄውን ወደ ‹‹የትኛውን መድኃኒት?›› ለወጠው። ለጤና ረዳቱ ይህን ያህል፣ ለጤና ጣቢያው ከዚያ ሰፋ ያለ፣ ለሆስፒታሉ ደግሞ ሌላ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1986 ዓ.ም. ብሔራዊ የመድኃኒት ፖሊሲ ወጣ። በአዋጅ ቁጥር 176/1991 ደግሞ የ1964ቱ ደንብ በጡረታ ተሸኘና የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ተቋቋመ። ባለሥልጣኑም ለየደረጃው የመድኃኒት ዝርዝርና የሕክምና መመሪያ አሳተመ።

በዚሁ ጊዜ ጤና ረዳቶች በሥልጠና እየተሻሻሉ ነርስ ሆኑ፣ አዳዲስ ነርሶችም ከየኮሌጁ ወጡ። መስኮቷ ጋ ‹‹ሲስተር›› የምንላት መጣች። ከእሷ ጋር ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22። መድኃኒት የመንግሥት ንብረት ነው። ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል። ፋርማሲስት በሌለበት ቦታ ቁልፉን የምትይዘው ነርስ የንብረት ኃላፊም ሆነች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የጽሑፌ ዋና ነገር ይሄ ነውና። ነርሷ በሁለት ነገር ትጠየቃለች፦ በበሽተኛው ደኅንነትና በንብረቱ ቁጥር። የንብረቱ ጥያቄ ቀን አለው፣ ቅጽ አለው፣ ኦዲተር አለው፤ የጎደለው ከደመወዝ ይቆረጣል። የበሽተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂም የለው። በተሳሳተ መጠን ኪኒን የወሰደ ገበሬ እቤቱ ታሞ ይተኛል እንጂ ቅጽ አይሞላም። ሥርዓቱ አስር ኪኒን መጥፋቱን ያውቃል፣ አስር ኪኒን ለማይገባው ሰው መሰጠቱን ግን አያውቅም። ሲስተር ሌሊት ለመጣ በሽተኛ ካቢኔውን ስትከፍት መጀመሪያ የምትፈራው የትኛውን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ኤች አይ ቪ፣ ኤክስቴንሽንና ዱላው

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ሦስት ነገሮች ተከታትለው ሕጉን ወደ እውነታው አቀረቡት።

የመጀመሪያው ኤች አይ ቪ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ጀመረ። በሆስፒታልና በሐኪም ብቻ ከተባለ ወረፋው የሚገድለው ሰው እንደሚበዛ ግልጽ ነበር። ስለዚህ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ የጤና መኮንኖችና ነርሶች ሠልጥነው እንዲያስጀምሩና እንዲከታተሉ ተፈቀደ። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ፣ ቢቋረጥ የሚላመድ መድኃኒት ለነርስ ተሰጠ ማለት ነው። ድሬሰሩ ያላገኛቸውን ነገሮችም ይዞ መጣ፦ ሥልጠና፣ የተጻፈ መመሪያ፣ የበሽተኛ መዝገብ፣ ተመላልሶ የሚያይ አማካሪ።

ሁለተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶች በጤና ኬላ ተመደቡ፤ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። የተመደቡት ለመከላከል እንጂ ለማከም አልነበረም። ለወባ ኮአርተም ቢፈቀድላቸውም አንቲባዮቲክ ግን አይሆንም ተባሉ። ስጋቱ ተገቢ ነበር፤ ያለ አግባብ ቢታደል ባክቴሪያው ይላመዳል። በሌላ በኩል ግን ሕፃናት በሳምባ ምች ይሞቱ ነበር፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ የሰዓታት የእግር መንገድ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ተፈቀደ። አሁንም ፈቃዱ ብቻውን አልመጣም። የሕፃኑን ትንፋሽ በደቂቃ መቁጠር፣ በዕድሜ የተከፋፈለ መጠን በሥዕል፣ መዝገብና ቁጥጥር አብረው መጡ።

ሦስተኛውን ጎጃም ውስጥ ያደገ ሁሉ ያስታውሰዋል። በኅዳር 2001 ዓ.ም. ገደማ በአማራ ክልል የወባና የትራኮማ ሳምንት የሚባል ዘመቻ ተጀመረ። አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሚሊዮኖች ታደለ። ሚዛን ተሸክሞ በየጎጡ መዞር ስለማይቻል መጠኑ የሚለካው በቁመት ነበር። ምልክት የተደረገበት ዱላ ይቆማል፣ ልጁ አጠገቡ ይቆማል፣ ቁመቱ የደረሰበት ምልክት የኪኒኑን ቁጥር ይናገራል። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል አይደል? ልብ በሉ ግን፣ የፋርማሲስቱ ስሌት በዱላው ላይ አስቀድሞ ተሠርቶ አልቋል። መስኮቷ ጋ ያለው ሰው ማስላት አይጠበቅበትም፣ በትክክል ማንበብ እንጂ።

ማርቆስ ያሳየችው

መፍትሔው ሁልጊዜ ‹‹ለሌላው ፍቀዱለት›› ብቻ አይደለም። እዚያው ጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ኤፒቲኤስ የሚባል አሠራር ተሞከረ። ሐሳቡ እያንዳንዱ መድኃኒት ከመጋዘን እስከ በሽተኛው እጅ ድረስ በደረሰኝ እንዲታይ ማድረግ ነው። በመስኮቷ ጀርባ ያለው ሥራም ተከፋፈለ፦ ማዘዣውን የሚገመግም፣ ሒሳብ የሚቀበል፣ አስረድቶ የሚያስረክብ። ሞዴል 19ና 22 ከመጋዘን መውጣቱን ብቻ ሲነግሩን፣ ይህ ለማን ምን እንደተሰጠም ይናገራል። ከማርቆስ ተነሥቶም ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተስፋፋ። የንብረቱ ቁጥርና የበሽተኛው ደኅንነት በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ብቻ ይህን ለመሥራት በቂ የፋርማሲ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ሆስፒታል ይችለዋል፣ የገጠር ክሊኒክ ግን ይከብደዋል።

ሌሎችስ ምን አደረጉ?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የነርሶች ሕጓን አሻሽላ ‹‹38ኤ›› የሚባል አንቀጽ ጨመረች። ሐኪምና ፋርማሲስት በሌለበት የመንግሥት ክሊኒክ የሚሠራ ነርስ በጽሑፍ ፈቃድ እንዲመረምር፣ እንዲያዝና መድኃኒት እንዲሰጥ የሚያስችል ነበር። በኋላም በአዲሱ የነርሶች ሕግ አንቀጽ 56 ተተክቷል። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 በቀረበ ሪፖርት ‹‹የመንደር ነርሶች ለፋሻና ለቅባት እንኳ ሐኪም ፊርማ ለምን ይለምናሉ?›› የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ በ1992 ሕጉ ወጣ፤ ዝርዝሩ እየሰፋ ሄዶ በ2006 የሠለጠኑ ነርሶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም መድኃኒት እንዲያዙ ተፈቀደ። ሃያ ዓመት ፈጅቷል።

የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው። ነርሷ የምትሠራውን ሥራ በስሟ ጻፉላት። ሕጉ እያወቀ እንዳላወቀ ሲያልፋት ኃላፊነቱ ይወድቅባታል፣ ጥበቃው ግን አይደርሳትም።

ዛሬስ?

ወረቀቱ ዛሬ በጣም ተሻሽሏል። አዋጅ ቁጥር 661/2002 መጣ፣ ከዚያም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከተለ። ጤና ጣቢያ የፋርማሲ ባለሙያ እንዲኖረው የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል፤ የፋርማሲ ቴክኒሻኖችና ፋርማሲስቶችም ከብዙ ኮሌጆች ይመረቃሉ። ዱርቤቴም ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረችው ዱርቤቴ አይደለችም።

ነገር ግን ቀን 24 ሰዓት ነው። አንድ ባለሙያ ያለው ጤና ጣቢያ ያ ባለሙያ ሲተኛ፣ ሲታመም፣ ሥልጠና ሲሄድ መስኮቷን ለማን ይተዋል? ለተረኛዋ ነርስ ነዋ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ጎጃምን ክፉኛ መትቷል። መንገድ ይዘጋል፣ መድኃኒት ይዘገያል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ባወጣው ሪፖርት በአማራ ክልል በጤና ባለሙያዎችና ተቋማት ላይ የደረሰውን ጥቃትና እንግልት ዘርዝሯል፤ ቁስለኛ ማከም ራሱ የሚያስጠረጥርበት ጊዜ መጥቷል። እንዲህ ባለ ወቅት የቀረችው ነርስ ሦስቱንም ግሶች እንደገና ብቻዋን ተሸክማለች፤ ልክ እንደ ድሬሰሩ።

ታዲያ ምን ይሁን? ታሪኩ ራሱ መልሱን ይዟል። ወባ፣ ኤች አይ ቪና የሳምባ ምች ሕጉን ከፍተውታል፤ በደንብ የሠራው ግን ፈቃዱ ከአራት ነገር ጋር ሲመጣ ብቻ ነው፦ የተወሰነ ዝርዝር፣ ሥልጠና፣ አስቀድሞ የተሠራ ስሌት፣ ተመልሶ የሚያይ ሰው። ለሌሊት ተረኛዋም እንዲሁ ይደረግላት። የትኞቹን መድኃኒቶች ብቻዋን ማደል እንደምትችል በስም ይጻፍላት። መጠኑ በዕድሜና በክብደት ተሠርቶ ካቢኔው በር ላይ ይለጠፍላት። የሰጠችውን የምትመዘግብበት ደብተር ይኑራት፣ ጠዋት የፋርማሲ ባለሙያው ያንብበው። ያኔ ሁለተኛው ዓይን በስድስት ሰዓት ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። ቢመሽም ይሻላል፣ ከነጭራሹ ከሚቀር።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያች መስኮት ፖስታ ስትቀበሉ ‹‹እሺ›› ብላችሁ አትሂዱ። ምን እንደሆነ፣ ስንቴ እንደሚወሰድ፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድ ጠይቁ። በዱርቤቴ ገጠር ሌሊቱን ብቻዋን ላደረችው ሲስተር፣ የጠያቂው በሽተኛ ዓይን አንዳንዴ ያለው ብቸኛ ሁለተኛ ዓይን ነው።